ስለ መንዝ ገደልና ስለ ዕፀዋቱ

የአንድ ሰው የሆነ ነገር ጠባቂ አያጣም። ገበሬ እርሻውን ያጥራል፤ እናት ጓሮዋን ከዶሮና ከፍየል ትከላከላለች፤ እረኛም በጉን በማታ ቈጥሮ ወደ ጋጣ ያስገባል። የሁሉ የሆነ ነገር ግን፥ እንደ ምንጭ፥ እንደ ግጦሽ፥ እንደ ገደል ዱር ያለው፥ ብዙ ጊዜ ጠባቂ ያጣል። አንዱ «ሌላው ይጠብቀዋል» ይላል፤ ሁለተኛውም «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» ይላል። እንዲህ ሲባል ነገሩ ያልቃል፤ ካለቀም በኋላ ሁሉ በአንድነት ይቸገራል። ስለዚህ የሁሉ የሆነ ነገር ለሁሉ እንዲቆይ፥ ሁሉ በጊዜው እጁን ሊሰበስብ ይገባዋል። ይህ ቃል እውነት መሆኑን ለማወቅ የሚወድ ሰው የመንዝን ገደልና በላዩ የበቀሉትን ዕፀዋት አይቶ ያስተውል።

ሞላሌ በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ ማማ ምድር ያለች የደጋ ከተማ ናት። መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፥ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። አገሩን ከላይ ሲያዩት ሜዳ ይመስላል፤ ገብስና ባቄላ ይዘራበታል፤ ጠጕራቸው ለባናና ለዝተት የሚሆን በጎችም ይሰማሩበታል። ነገር ግን በዚያ ሜዳ ላይ የሚሄድ መንገደኛ ሳያስበው ምድር ከእግሩ በታች እንደ ተቈረሰ ዳቦ ተቈርጣ ያገኛታል። ሞፈር ውሃ በደቡብ፥ አዳባይና ወንጭትም በምዕራብ አገሩን ቈፍረው ጥልቅ ገደል አድርገውታል። የእነዚህም ወንዞች ውኃ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይገባል። በምሥራቅ ደግሞ ምድሩ ወደ ይፋትና ወደ አፋር ቆላ በታላቅ ቍልቍለት ይወርዳል፤ በዚያ በኩል የሚፈሰውም ውኃ ወደ አዋሽ ይሄዳል። እንግዲህ በመንዝ ጫፍ ላይ ከዘነበው ዝናም አንዱ ክፍል በሱዳንና በግብፅ አልፎ ባሕር ሲደርስ፥ ሌላው ክፍል ከባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል።

አባቶች አገርን በብርዱና በሙቀቱ መዝነው ውርጭ፥ ደጋ፥ ወይና ደጋና ቆላ ብለው ከፍለውታል። ሜዳ በሆነ አገር የአየሩን መለወጥ ለማየት የብዙ ቀን መንገድ ያስፈልጋል። በገደል አገር ግን ከደጋው ጫፍ ጧት የተነሣ እግረኛ ማታ በቆላ ያድራል። ጧት ጋቢውን ተከናንቦ ይወርዳል፤ ቀትር ሲሆን ጋቢውን አጥፎ በትከሻው ላይ ያደርጋል፤ ማታ ደግሞ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ዕፀዋቱም እንደ አየሩ ይለዋወጣሉ። እያንዳንዱ ቦታውን ያውቃል፤ የደጋው በቆላ፥ የቆላውም በደጋ አይበቅልም።

በመጀመሪያ ከሁሉ በላይ ያለውን እንመልከት። በጌራ ምድር፥ ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፥ ጓሳ የሚባለው ሰፊ ተራራ አለ። ከፍታው ከ3200 ሜትር ይበልጣል፤ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ስፍራ ቀን ፀሓይ ያቃጥላል፥ ሌሊት ውርጭ ያነዳል። ለስላሳ ዛፍ ቢተከልበት በአንድ ሌሊት ይደርቃል። የተራራው ስም የወጣው በላዩ ከሚበቅለው ሣር ነው። ጓሳ የሚባለው ሣር በየቦታው ክምር ክምር ሆኖ ይበቅላል፤ ያረጀው ቅጠሉ አይረግፍም፥ ለጋውን ቅጠል እንደ ቡልኮ ሸፍኖ ከብርድ ይጠብቀዋል። በሣሩም መካከል ጅባራ ቆማ ትታያለች። ጅባራ ብዙ ዓመት ታድጋለች፤ ቅጠሎቿ ተደራርበው የልቧን ቡቃያ ይጠብቃሉ። በመጨረሻም አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም የአበባ ዘንግ ታወጣለች፤ ዘሯንም በትና ትሞታለች። ከዚያው አጠገብ አስታና ሌላ አጫጭር ቍጥቋጦ፥ ከመሬትም ሳይርቅ ሽታው ደስ የሚያሰኝ ጦስኝ ይበቅላል።

ከውርጩ ዝቅ ሲሉ የኮሶና የጥድ ስፍራ ነው። ኮሶ አበባው ለኮሶ ትል መድኃኒት ሆኖ ብዙ ትውልድ ያገለገለ ዛፍ ነው፤ በዘመናችን ሌላ መድኃኒት ቢገኝም ስሙና ክብሩ አልጠፋም። ጥድ ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ እንጨቱንም ምስጥ ቶሎ አይበላውም፤ ስለዚህ ለቤትና ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶ ይፈለጋል። ወይራም አለ፤ እንጨቱ ብርቱ ስለ ሆነ ለድግርና ለዱላ፥ ጢሱም ለጋንና ለወተት ዕቃ ማጠኛ ይሆናል። ዛሬ በደጋው ላይ ትልልቅ ጥድና ወይራ ለማየት የሚወድ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ መሄድ አለበት፤ በሌላው ስፍራ የነበሩት እጅግ ተመንምነዋልና። ይህም ብቻ ትልቅ ትምህርት ነው። አፈሩ አንድ ነው፥ ዝናሙም አንድ ነው፤ በቅጥሩ ውስጥ ያለው የቆመው «አይነካም» የተባለ ስለ ሆነ ነው።

ከደጋው ጫፍ ወደ ገደሉ ሲወርዱ ቀጋ፥ እምብስ፥ አጋምና ክትክታ ይገኛሉ። እነዚህ አጫጭር ናቸው፤ ብዙ ሰው «ቍጥቋጦ» ብሎ ይንቃቸዋል። ነገር ግን ሥራቸው ከትልቅ ዛፍ ሥራ አያንስም። ሥሮቻቸው በድንጋዩ ስንጥቅ እየገቡ አፈሩን እንደ ጣት ጨብጠው ይይዙታል። ከእነርሱም በታች ግራር ይበቅላል፤ አበባው ለንብ ቀለብ ነው፥ ቅጠሉና ሥሩም አፈርን ያለመልማል። ከገደሉ ሥር፥ ሙቀት በበዛበት በቆላው፥ ቍልቋልና እሬት በደረቁ ቋጥኝ ላይ ይቆማሉ፤ ውኃ በማይገኝበት ወራት በአካላቸው ያጠራቀሙትን ይጠጣሉ። በወንዙ ዳር ደግሞ ሾላና ዋንዛ ሰፊ ጥላቸውን ዘርግተው መንገደኛን ያሳርፋሉ። በዚያም ያለው ገበሬ በገብስ ፈንታ ማሽላና ጤፍ ይዘራል።

አራዊትም በዚህ ሥርዓት ይኖራሉ። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ጭላዳ ሌሊት በገደሉ ፊት ላይ ተጣብቆ ያድራል፤ ሲነጋ ወደ ላይ ወጥቶ በሜዳው ሣር ይግጣል። ሣር ከሌለ ጭላዳ የለም። ቀይ ቀበሮም የጓሳ ነዋሪ ነው፤ ምግቡ በሣሩ ሥር የሚኖሩት አይጦች ናቸው። በዓለም ሁሉ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ እነርሱም ሁሉ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ናቸው። እንግዲህ ሣሩ ለቀበሮ ቤት፥ ለጭላዳ ማዕድ፥ ለሰውም ክዳን ሆኖአል ማለት ነው።

ልጆች ሆይ፥ ይህን ገደል እንደ አንድ ቤት አድርጋችሁ አስቡት። የጓሳው ሣር ጣራው ነው፤ ጥዱና ቍጥቋጦው ግድግዳው ነው፤ ቆላው ምድጃ ያለበት ወለል ነው። ጣራው ሲያፈስ የሚረጥበው በምድጃ ዳር የተቀመጠው ሰው ነው። በላይ ያለው ሣር ዝናሙን ተቀብሎ ቀስ ብሎ ወደ ምድር ያሰርገዋል፤ ምድርም በበጋ መልሳ በምንጭ ታወጣዋለች። ሣሩ ከተነቀለ ግን ዝናሙ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ በክረምት ጎርፍ፥ በበጋ ጥማት ይሆናል። በላይ ያለው ሰው ያጠፋውን በታች ያለው ሰው ይከፍላል፤ ቈይቶም ዕዳው ወደ ራሱ ይመለሳል።

ስለዚህ ነገር አንድ ታሪክ ይነገራል። አንድ የመንዝ ገበሬ በክረምት መውጫ ባና ተሸክሞ ከልጁ ጋራ ወደ ቆላ ገበያ ይወርድ ነበር። ከወንዙ ዳር በደረሱ ጊዜ ውኃው ደፍርሶ፥ እንደ ጠላ አተላም ወፍሮ ሲወርድ አገኙት። ልጁም «አባባ፥ ወንዙ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የደፈረሰው?» ብሎ ጠየቀ።

አባትየውም «ልጄ፥ ይህ የምታየው ውኃ ብቻ አይምሰልህ፤ እርሻችን ነው። ከቤታችን በታች ያለውን ተዳፋት ታስታውሳለህን? ካቻምና ቍጥቋጦውን መንጥረን አረስነው። አምና ገብሱ መልካም ሆነልን፤ ዘንድሮ ግን ድንጋዩ አፍጥጦ ቀረ። አፈሩ ይኸው፥ በፊታችን ይሄዳል» አለው።

ልጁም «ታዲያ አባባ፥ ማን ይመልሰዋል?» አለ።

አባትየው ለዚህ መልስ አላገኘምና ዝም አለ። ከገበያ በተመለሱ ጊዜ ግን አባትና ልጅ በዚያ ተዳፋት ላይ ድንጋይ ደርድረው እርከን ሠሩ፤ ፍየልም እንዳይገባበት ከለከሉ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ክትክታው ከጕቶው አቈጠቈጠ፥ ሣሩም ተመለሰ። በወንዝ የሄደው አፈር ግን አልተመለሰም፤ አፈር በሰው ዕድሜ የሚሠራ ነገር አይደለምና። ሰው ያጠፋውን ሁሉ ሊክስ እንደማይችል ልጁ በዚያን ጊዜ ተማረ።

የመንዝ ሰዎች ይህን ነገር ቀድሞ አስተውለው ነበር። ከ300 ዓመት በፊት ጀምሮ የጓሳን ተራራ የአስቦና የጌራ ዘሮች በጋራ ይዘውት ኖረዋል። ለአጠባበቁም ቄሮ የሚባል ሥርዓት አቆሙ። ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። በሕዝብ የተመረጠ አለቃ ይሾማል፤ ተራራውም ሦስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም አምስት ዓመት ያህል ይዘጋል። በተዘጋበት ዘመን ሣር ማጨድ፥ እንጨት መቍረጥ፥ ከብትም ማሰማራት ክልክል ነው። ሣሩ በሚገባ ባደገ ጊዜ ሽማግሌዎች ይመክራሉ፤ የሚከፈትበትም ቀን በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል። መከፈቻው በበጋ፥ ሌላ ግጦሽ በደረቀበት ወራት ነው። መዝጊያውም ሐምሌ 5 ቀን፥ የጴጥሮስና የጳውሎስ በዓል በሚውልበት ጊዜ ነው፤ ሣሩ በክረምቱ ዝናም እንዲያገግም በዚያን ጊዜ ሰውም ከብትም ይወጣል። ሕጉን የጣሰ ሰው ከባድ ቅጣት ይቀበል ነበር።

ጥበቃውም የአለቃው ብቻ አልነበረም፤ የየደብሩ ሰው በተራ ይጠብቅ ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለ፥ ለአንድ ሰው የማይቻለው ጥበቃ ለብዙዎች ቀላል ሆነ። ከዚህም የተነሣ ብዙ ተራራ ሲራቈት ጓሳ ሣሩን ለብሶ ኖረ። ድሃውም ሀብታሙም በቀኑ ገብቶ ለቤቱ ክዳን፥ ለገመዱና ለጌሳው የሚሆን ሣር ያጭድ ነበር። ድርቅ በሆነም ዓመት ከብቶች የሚተርፉት በዚያ ተራራ ነበር።

በ1967 ዓመተ ምሕረት የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ያ የርስት ሥርዓት ፈረሰ፤ ከእርሱም ጋራ ቄሮ ቀረ። መሬት ለሌለው ገበሬ አዋጁ ታላቅ ነገር ነበር። ነገር ግን በጓሳ ላይ የቀድሞው ጠባቂ ሲነሣ በፈንታው ወዲያው የተተካ አልነበረም፤ ስለዚህ በፈቃዱ የሚያጭድና የሚቈርጥ በዛ። ሕዝቡም ጉዳቱን ባየ ጊዜ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በየቀበሌው ሰዎችን መርጦ ኮሚቴ አቆመ፤ መተዳደሪያ ደንብም አወጣ፤ መዝጋትና መክፈትን እንደ ገና ጀመረ። በኋላም የአማራ ክልል መንግሥት ስፍራውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በሕግ አጸናለት። ዛሬ ብዙ ቤት በቈርቈሮ ቢከደንም ሣሩ ከጥቅሙ አልወጣም፤ እንግዶችም ቀይ ቀበሮን ለማየት ከሩቅ ይመጣሉ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው፤ የአለቃው ስምና የዘመኑ ሕግ ሊለወጥ ይችላል፥ በጊዜው መከልከል ግን ካልቀረ ተራራው ይኖራል።

ምናልባት አንድ ሰው «የቸገረው ምን ያድርግ? ብርድ የጸናበት ሰው በምን ይሙቅ? ልጆቿ የራባቸው እናት በምን ታብስል?» ይል ይሆናል። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። በመንዝ ደጋ ብርዱ ብርቱ ነው፥ እንጨትም የለም። እንጨት በመጥፋቱ ብዙ ቤት ኩበት ያነዳል፤ ኩበቱም ከነደደ እርሻው ፍግ ያጣል፤ ፍግ ያጣ እርሻ ጥቂት ይሰጣል፤ ጥቂት የሰጠው ገበሬ ደግሞ እንደ ገና ተዳፋቱን ለማረስ ይወርዳል። ችግር ችግርን ይወልዳል ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ለችግረኛው «አትቍረጥ» ብሎ ብቻ መተው ፍርድ አይሆንም፤ የሚቈርጠውን አስቀድሞ መትከል ያስፈልጋል።

መቍረጥም ቢሆን ዕውቀት ይፈልጋል። ክትክታ፥ አስታና ወይራ ከጕቶአቸው ያቈጠቍጣሉ፤ ጥድ ግን አንድ ጊዜ ከተቈረጠ ከጕቶው መልሶ አያድግም። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለቱን በአንድ ምሳር ይቈርጣል፤ የሚያውቅ ግን ለማገዶ የሚመለሰውን መርጦ፥ የማይመለሰውን ይተዋል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍም ቶሎ ስለሚያድግና ከጕቶው ስለሚያቈጠቍጥ ለማገዶና ለቤት ሥራ ብዙ ረድቶአል። ነገር ግን ውኃ ስለሚስብ በምንጭ አጠገብ ሊተከል አይገባም፤ በእርሻም ዳር ቢሆን እህሉን ያቀጭጫል። መልካም ነገርም ቢሆን ስፍራውን ከሳተ ይጐዳል። ገደሉ ራሱ ይህን ያስተምራል፤ ጅባራ በውርጩ፥ ሾላም በወንዙ ዳር ሲሆን ያምራልና።

ሌላው ሰው ደግሞ «እኔ አንድ ሸክም ብቈርጥ ምን ይጐድላል?» ይላል። አንድ ሸክም በእውነት ጥቂት ነው። ነገር ግን ይህን ቃል በአንድ ደብር ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ቀን ቢናገሩት በማታ ገደሉ ባዶ ይሆናል። ሰው የሥራውን መጠን ለማወቅ ቢወድ «እኔ የማደርገውን ሁሉ ሰው ቢያደርገው ምን ይሆናል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ መልካም ከሆነ ያድርገው፤ ክፉ ከሆነ ይተወው።

እናንተም ልጆች «ይህ የሽማግሌዎችና የሹማምንት ነገር ነው» አትበሉ። ከሁሉ ይልቅ በገደሉ የሚውለው እረኛ ነው፤ እረኛውም ልጅ ነው። ለጅራፍ ዘንግ ብሎ የጥድን ቡቃያ የማይሰብር፥ ለመሞቅ ያነደደውን እሳት አፈር ሳያለብስ የማይሄድ፥ ጦስኝን ከነሥሩ የማይነቅል፥ ፍየሎቹንም በተከለከለው ተዳፋት የማያሰማራ እረኛ፥ እርሱ የገደሉ ታላቅ ጠባቂ ነው። ይህን ሲያደርግ ማንም አያየውም፥ ማንም አያመሰግነውም፤ ነገር ግን በታች በቆላ የማያውቃት አንዲት እናት በበጋ ከምንጭ ንጹሕ ውኃ ትቀዳለች።

ያ ልጅ በወንዙ ዳር «ማን ይመልሰዋል?» ብሎ የጠየቀው ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። የሄደውን አፈር የሚመልስ የለም። ያልሄደው ግን ገና በእጅ ነው፤ የሚይዘውም የሣርና የቍጥቋጦ ሥር ነው፤ ሥሩንም የሚያቆየው በጊዜው እጁን የሚሰበስብ ሰው ነው።